ወደ ለሚ ኩራ የሸኘሁት ባልዲ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሆስፒታሉ በመስታወት የታቀፈ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። «ያለ አንዳች ጥፋት በታማኝነት ላገለገሉበት» ይላል። ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰ። እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ቤት ስገባ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስገባሁት። ልጄ ለምን ግድግዳ ላይ እንደማልሰቅለው ብትጠይቀኝ «ሚስማር የለም» አልኳት። ሚስማር ነበረ።

የቀዶ ጥገና ክፍል ረዳት ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነርስም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ አልበቃ ሲል በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠርኩ። አንሶላና አረንጓዴ ጋውን አጥብ ነበር። ከዚያ ያወጣችኝ ሲስተር የሺ ናት። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። አንድ ቀን ልብስ ልትረከብ መጥታ ሳጥፍ ቆማ አየችኝ።

«ጫፉን ለምን ወደ ውስጥ ታጥፊዋለሽ?» አለችኝ።

«ክሩ እንዳይመዘዝ ነው።»

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም።»

በሳምንቱ ወደ እሷ ክፍል አዛወረችኝ። መጀመሪያ ያስተማረችኝም ያንኑ ነው፤ ፋሻ ሲታጠፍ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውጭ ከቀረ አንድ ክር ሰው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ፋሻ ሲገባ ጮክ ብሎ ይቆጠራል፤ ሲወጣ ጮክ ብሎ ይቆጠራል፤ ሐኪሙ ቢቆጣም ይቆጠራል። በልቤ ቆጥሬ «ልክ ነው» ያልኳት ጊዜ በያዘችው ፒንሳ ጣቴን መታችኝ። «ልብሽን ማን ይሰማዋል?» አለች። ያ ጣት አሁን ሲበርድ ያመኛል፤ በእርሷ ግን አላሳብብም፤ እርጅና ነው።

ስለ ሲስተር የሺ አንድ ልማድ መጻፍ አለብኝ። ከሰው አካል ተቆርጦ የወጣ ነገር እጇ ከገባ ሌላ ሥራ አትሠራም ነበር። ብልቃጡ ላይ ስም ትጽፋለች፤ ሥጋው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባለውን መድኃኒት ትጨምራለች፤ ክዳኑን ትከድንና ደረቷ ላይ አስጠግታ ትይዘዋለች። ወደ ምርመራ የሚወስደው ሰው ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ በቃሉ ታስብለዋለች። ከተሳሳተ እንደገና ታስብለዋለች። ከዚያም እስከ በሩ ትሸኘዋለች። «ሰውየው አልጋ ላይ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም በሽተኞች ናቸው» ትል ነበር።

ሲስተር የሺ ከመንግሥት ወጥታ ቦሌ ወደ ተከፈተ አንድ የግል ሆስፒታል ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ከአትላስ ብዙም የማይርቅ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ደመወዙ ከቀድሞው ይሻላል። ኃላፊዎቹ ግን ይለዋወጡ ነበር፤ አንዱ ሥራ አስኪያጅ ጓንት ይቆጥርብናል፤ ሌላው ስለ ጓንት ምንም አያውቅም። እኛ ከሁለቱም ጋር ሠራን። የሚጎድለው አንድ ነገር ነበር። ከሰው የወጣን ሥጋ የሚመረምር የፓቶሎጂ ላብራቶሪ በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ቤተሰቡ ፈርሞ ብልቃጡንና ወረቀቱን ይረከባል፤ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ላብራቶሪ ይዞ ይሄዳል፤ ውጤቱንም ራሱ ያመጣል። ብዙ ቦታ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ሲስተር የሺ እዚያም ልማዷን አልተወችም። የክፍሉን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች እስከ ውጭው በር ትወርዳለች፤ ኮንትራት ታክሲ ትጠራለች፤ ለሹፌሩ ራሷ ትነግረዋለች። «ሜክሲኮ ነው። ሌላ ቦታ እናቆም ቢሉህ አታቁም።» ዘበኞቹ ይስቁባት ነበር። እሷ ጡረታ ስትወጣ ነጠላ ጫማዋን ሳይሆን ልማዷን ወረስኩ።

ዶክተር ምናሴ ከህንድ ሠልጥኖ የመጣው ሲስተር የሺ ልትወጣ ስትል ነው። ከዚያ በፊት ኩላሊት ሲወጣ አይቻለሁ። ከጎድን ሥር እስከ እምብርት ይቀደዳል፤ አንዳንዴ አንድ የጎድን አጥንት አብሮ ይወጣል። በሽተኛው ለሳምንታት ጎኑን ይዞ ይሄዳል። ዶክተር ምናሴ ግን በአራት ትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራና በቴሌቪዥን እያየ እንደሚሠራ ሲነግረን ሲስተር የሺ «በመስኮት ቀዳዳ ቤት ይጠረጋል እንዴ?» አለችው። «መጥረጊያው ከቀጠነ ይጠረጋል፣ ሲስተር» አላት። የመጀመሪያውን ቀን ቆማ አየች። ሲያልቅ ምንም አላለችም። ለሷ ያ ትልቅ ምስጋና ነበር።

አዲሱ ሥራ ብዙ ነገር እንደ አዲስ አስተማረኝ። መሣሪያዎቹ እንደ ሹራብ መሥሪያ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ውስጣቸው ክፍት ነው። ደም እዚያ ውስጥ ከደረቀ በምንም አይወጣም። ስለዚህ ሐኪሙ ገና ሲሰፋ እኔ ማጠብ እጀምራለሁ፤ በመርፌ ውኃ እገፋበታለሁ፤ በቀጭን ብሩሽ እፈትገዋለሁ፤ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ። ካሜራው ቀዝቅዞ ሆድ ውስጥ ሲገባ በእንፋሎት ይጋረዳል። ለዚህ የተሠራ ማሞቂያ አልነበረንም፤ የብረት ፔርሙስ አምክነን በፈላ ንጹሕ ውኃ እንሞላና ካሜራውን እዚያ ውስጥ ነከር አድርገን እንሰጣለን። የወጣውን አካል መያዣ ከረጢትም ውድ ስለነበረ አይገዛም። ዶክተሩ ካሳየኝ በኋላ እኔ ከሽንት ከረጢት እሠራው ነበር። ጫፉን ቆርጬ፣ አፉ ዙሪያ ክር አስገብቼ፣ ሲሳብ እንዲሸበብ አድርጌ። አንድም ጊዜ ክሩ አልተበጠሰም። እጄ ጥሩ እንደነበረ እዚህ ብጽፍ ውሸት አይሆንም። ክፉው ነገር የመጣው ከእጄ አይደለም።

ግርማ የመጣው ዶክተር ምናሴ ይህን ሥራ በደንብ ከለመደ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ግድም ይሆነዋል። ለሚ ኩራ ብሎኬት ማምረቻ ነበረው። በሽታው ፖሊሲስቲክ የሚባለው ነው፤ ኩላሊት በውኃ ቋጠሮዎች ይሞላና ያብጣል፤ በዘር ይወርዳል። አባቱም በዚሁ ሞተዋል። የግርማ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመው ደሙን በማሽን ያሳጥብ ነበር። የቀኙ ደግሞ በላዩ ላይ ያመረቅዛል፤ ይደማል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል። ያ እንዲወጣ ተወሰነ።

በጋሪ ስገፋው አንገቱን አዙሮ አየኝ።

«እትዬ፣ በስንት ቀዳዳ ነው የምታወጡት?»

«በአራት። ከታች ደግሞ ማውጫ አንድ ትንሽ ቅድ አለ።»

«አራት! ብሎኬት እንኳ ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው።»

«ብሎኬት አይታመምም።»

«ይሰነጠቃል እንጂ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሥራው ከጠዋት ጀምሮ ከቀትር በኋላ ድረስ ፈጀ። ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ስላመረቀዘ ከአንጀቱና ከጉበቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ዶክተር ምናሴ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየበሳ ውኃቸውን መጠጠ፤ ለመሥራት ቦታ እንዲያገኝ። ቡና የሚመስል ውኃ ወጣ። አንድ ጊዜ ደም ቴሌቪዥኑን አለበሰው። እሱ ፋሻ ጠየቀ፤ ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ተጭኖ ጠበቀ፤ ከዚያ የብረት መቆንጠጫ አደረገበት። በመጨረሻ ከረጢቴን አስገቡ፤ ኩላሊቱን ከቱበት፤ ክሩን ሳቡ፤ ከእምብርቱ በታች በቀደዱት ቦታ አወጡት። ውኃው ሁሉ ተመጦ እንኳ በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር። ብልቃጥ አይበቃውም። ክዳን ያለው ነጭ የፕላስቲክ ባልዲ አመጣሁ።

ዶክተር ምናሴ ጓንቱን ሲያወልቅ «ወደ ፓቶሎጂ ነው አይደል?» አልኩት።

«ምን አዲስ ነገር ይነግረናል? ፖሊሲስቲክ መሆኑን እናውቃለን» አለ። ደክሞት ነበር። ከዚያ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና «ቢሆንም ይላኩት» አለኝ።

ባልዲው ውስጥ ሳስቀምጠው ኩላሊቱ በመዳፌ ላይ ነበር። ውኃው የወጣለት ቋጠሮ ሁሉ ለስላሳ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጣቴ ጠንከር ያለ ነገር ነካ፤ የባቄላ ፍሬ ያክላል። የረጋ ደም ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ውጭ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እናቱ እማማ ጫልቱና ታላቅ ወንድሙ ቶሎሳ። ለቤተሰብ የወጣውን ማሳየት ልማድ ነው። ሰው ያላየውን አያምንም፤ በትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያምንም። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ቶሎሳ ፊቱን አዞረ። እማማ ጫልቱ ግን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን ባልዲው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ከዚያ የኔን እጅ ሊስሙ ሲሉ ሸሸሁ።

ቶሎሳ የርክክብ ወረቀቱን ፈረመ። ወዴት እንደሚሄድ በቃሉ አስባልኩት፤ ሳይሳሳት መለሰልኝ። ደረጃውን አብረን ወረድን። በሩ ላይ ታክሲው ቆሞ ሳለ እናትየው ባልዲውን ከልጃቸው እጅ ወሰዱ።

«ቤት ነው የምወስደው» አሉ።

«እማዬ፣ ላብራቶሪ ነው የተባለው። ወረቀቱ ይኸው።»

«እዚያ ምን ያደርጉታል?»

«ይመረምሩታላ።»

«ቆራርጠው ነው አይደል? ከዚያስ? ከዚያ የት ይጥሉታል?»

ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከምርመራው በኋላ የት እንደሚጣል አውቃለሁ። ዓይኔን ወደ ታክሲው መለስኩ።

እማማ ጫልቱ አማርኛቸውን እየመረጡ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። «መሬታችንን ቆራርሰው ወሰዱት። የእርሻችን፣ የከብቶቻችን፣ ሁሉም ኮንዶሚኒየም ሆነ። የቀረችን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ናት፤ አባቱ እዚያ ነው ያለው። ይሄ የልጄ ሥጋ ነው። ከአባቱ አጠገብ ይቀበር። ነገ በትንሣኤ ጎዶሎ ሆኖ አይቁም።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺስ እናት አይደለሽም?»

እኔም አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከወለድኩበት ሆስፒታል ይዤ ልወጣ የሚገባኝን ሳልይዝ ወጥቻለሁ። የት እንደጣሉት አላውቅም። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ብቻ ሴትየዋ እንዲያ ሲሉኝ ሲስተር የሺ ከአእምሮዬ ወጣች።

ቶሎሳ «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ። እኔን አትሰማኝም» አለኝ።

«በሽታው የታወቀ ነው» አልኩት። «ዶክተሩም አዲስ ነገር አይገኝበትም ብሏል። የእናትህን ቃል ስማ።»

«ችግር የለውም?»

«የለውም። ሲቀበር ባልዲው ውስጥ ያለው መድኃኒት ይደፋ፤ ይሸታል፤ እጅም ያቃጥላል።»

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ሜክሲኮ ነው አይደል፣ እትዬ? እንደ ሁልጊዜው?» አለኝ።

«አይደለም። ለሚ ኩራ አድርሳቸው» አልኩት።

እማማ ጫልቱ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አድርገው መረቁኝ። ታክሲው ሄደ። እኔም ወደ ላይ ወጥቼ መሣሪያዬን አጠብኩ።

ግርማ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። በወሩ ለክትትል ሲመጣ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳዎቹን ለነርሶቹ ያሳይ ነበር። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «እትዬ፣ ብሎኬቱ አልተሰነጠቀም!» አለኝ። ዶክተር ምናሴ የዚያን ቀን ሥራ ፎቶ አንስቶ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አቀረበ። ስለ ውጤት ወረቀት የጠየቀ የለም። እኔም ጠያቂ እንደሌለ አየሁና ቀለል አለኝ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ግርማ ሲያስለው ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ሳንባ ምች ነው ተባለ። ደም ሲተፋ ሲቲ ስካን ተነሣ። ሳንባው ላይ ብዙ ነጠብጣብ ታየ፤ ኩላሊቱ የወጣበት ቦታ ላይም አንድ እብጠት። በመርፌ ተወስዶ ሲመረመር የኩላሊት ካንሰር ሆነ። ዶክተር ምናሴ ፋይሉን አስመጣ፤ ከፓቶሎጂ የመጣ ወረቀት ፈለገ። ገልጦ ገልጦ መጨረሻው ላይ የቶሎሳን ፊርማ ብቻ አገኘ።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ቢሮው ጠራን። ግርማ ወንበር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ቶሎሳ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ሲናገርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«በጣም እናዝናለን። ነገር ግን ሆስፒታሉ ናሙናውን ከነማዘዣው አስረክቧል። ይኸው ፊርማዎ። ሳይመረመር የቀረው በቤተሰቡ በኩል ነው።»

«ልወስደው ነበርኮ!» አለ ቶሎሳ። «ታክሲ ተጠርቶ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ሆኖ! እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው ያሉን። 'በሽታው የታወቀ ነው፤ የእናትህን ቃል ስማ' አሉኝ። ለሹፌሩ እንኳ የነገሩት እሳቸው ናቸው። እትዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ ብለዋል?»

ጡረታዬ ሊደርስ ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። ያን አስቤ ነበር ብል ግን ልክ አይሆንም። ምንም አላሰብኩም። አፌ ብቻውን ተናገረ።

«ብዙ ሰው እሸኛለሁ። አላስታውስም።»

ቶሎሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ። ወደ እኔ አንድ እርምጃ ሲራመድ ግርማ ክንዱን ያዘው።

«ተወው፣ ቶሎሳ» አለ። «እሳቸውም እንጀራ አላቸው።»

በቁጣ አይደለም ያለው። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሲወጡ ዶክተር ምናሴ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

«ያስታውሳሉ አይደል፣ እትዬ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እኔም አስታውሳለሁ። 'ምን አዲስ ነገር ይነግረናል' ብያለሁ።»

«'ቢሆንም ይላኩት' ብለሃልም።»

«አዎ። እሱንም ብያለሁ።»

«ያን ጊዜ ቢታወቅ ይድን ነበር?»

«ምናልባት። በየጊዜው ሲቲ ስካን እናነሣው ነበር፤ ሳይሰራጭ እንደርስበት ይሆናል። ላንደርስም እንችላለን።» ከዚያ ለተረኛዋ ነርስ ስለ ነገው በሽተኛ ነገራት። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ጉዳይ ሁለታችንም አንሥተን አናውቅም። አብረን ብዙ ኩላሊት አወጣን። ከረጢቱን እሠራለሁ፤ እሱ «ጥሩ ነው» ይላል።

ሆስፒታሉም አሠራሩን ለወጠ። ብልቃጡን የሚወስድ ባለ ሞተር ተቀጠረ፤ ውጤት በኮምፒውተር ይመጣል። ረዳቶች ከቤተሰብ ጋር ወደ በር እንዳይወርዱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር የሺ ጉርድ ሾላ ከልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ እሑድ ሄድኩ። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ለየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከባልዲው እስከ «አላስታውስም» ድረስ። ጣቴ የነካትን የጠነከረች ፍሬ ግን ለእሷም አልተናገርኩም። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ ያጽናናችኝ መስሏችሁ እንደሆነ አላጽናናችኝም።

«እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?» አለችኝ። «የታመመው የኔ ልጅ ነው? ስሙ የጠፋው የኔ ልጅ ነው?»

«ምን ላድርግ ብዬ ነው፣ ሲስተር።»

«መንገዱን ታውቂው የለም እንዴ? ለሹፌሩ የነገርሽው አንቺ አይደለሽም?»

ያን ካለችኝ በኋላ ግርማ ሰባት ወር ኖረ። ከአትላስ ለሚ ኩራ በሁለት ታክሲ ይደረሳል። በየሳምንቱ እረፍት ነበረኝ። አልሄድኩም። አንድ ጊዜ መገናኛ ድረስ ደርሼ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው ብዬ ተመለስኩ። ሰልፉ ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ማረፉን የሰማሁት ደሙን ከምታጥብለት ነርስ ነው። በማግሥቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ቤታቸው በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል የቀረ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የድሮ ቤት ነው፤ ከአጠገቡ ብሎኬቶች በረድፍ ተደርድረዋል። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ሴቶቹ በሚቀመጡበት በኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ንፍሮ በሳህን ሰጠችኝ። እማማ ጫልቱ ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ናቸው፤ አላዩኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ ሌላዋ አዘንብላ ታንሾካሹካለች።

«እናትየው ናት አሉ። ኩላሊቱን ለምርመራ አልሰጥም ብላ ቀበረችው።»

«ወይ ጉድ! ምን አስባ?»

«እንጃላት። ገና ከመሞቱ በፊት ወሬው አገሩን አዳርሷል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሰው አይጠጋትም። ቶሎሳም እናቱን ለመሸፈን ብሎ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ላይ ሊያላክክ ነበር አሉ። ሴትየዋ ፊት ለፊት ካደችው።»

ንፍሮው ጭኔ ላይ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ልቅሶ ስሄድ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ተቀምጬ እወጣለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ሳህኑን ይዤ ተነሣሁ፤ ለምን እንዳላስቀመጥኩት አላውቅም።

«ስሜ ጥሩወርቅ ይባላል» አልኩ። «ከሆስፒታሉ ነኝ።»

ወሬው እየቀነሰ ሄደ። ቶሎሳ በወንዶቹ በኩል ቀና አለ።

«ኩላሊቱ ወደ ምርመራ እንዳይሄድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። እማማ ጫልቱ ለመኑኝ እንጂ አላዘዙኝም፤ ማዘዝም አይችሉም ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቶሎሳ ሊወስደው ነበር፤ አትውሰድ አልኩት። ለሹፌሩም ወደዚህ አምጣቸው አልኩት። በኋላ ስጠየቅ አላስታውስም ያልኩት ውሸቴን ነው። ቶሎሳ አልዋሸም። እናቱም ልጃቸውን አልገደሉም።»

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ቶሎሳ በሰዎቹ መካከል አልፎ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ እርስዎ ይለኝ ነበር።

«አሁን ለማን ነው የምትናገሪው?» አለኝ። «እሱ እንደሆነ የለም። ያኔ ነበር መናገር። እዚያ፣ እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማሽ። ይህን ሁሉ ወር እናቴን ሰው ሲሸሻት የት ነበርሽ?»

ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ውጪ። ውጪልኝ ከዚህ።»

ይዘው ሊያስወጡኝ አንድ ሁለት ጎረምሶች ተነሡ። በዚህ ጊዜ እማማ ጫልቱ ከፍራሹ ላይ ሆነው በኦሮምኛ ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎረምሶቹ ግን ተቀመጡ። ቶሎሳ መለሰላቸው፤ ተቆጣ። እሳቸው ያንኑ ደገሙት። ስሜን አልጠሩም፤ ወደ እኔም አላዩም።

ቶሎሳ ፊቱን ከእኔ አዙሮ፣ ድንኳኑን እያየ ነው የነገረኝ።

«ከቤቴ ለልቅሶ የመጣ ሰው ንፍሮውን ሳይጨርስ አይወጣም ትላለች። ጨርሰሽ ሂጂ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ሴቶች ራቅ ብለው ስለነበር አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ስንዴና ሽምብራ ነው፤ ቀዝቅዟል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስበላ እያየኝ አንድ በአንድ ጨረስኩት።